በቡርቃ ዲማ ሽማግሌ አማርኛውን ሰብሮ ለምን ይገባል?

በሐረርጌ ቆላ፣ የባቡሩ ሐዲድ ከደረቁ ወንዝ ጋር ጎን ለጎን በሚወርድበት፣ ቡርቃ ዲማ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከዚያች ከተማ፣ ባንያን ሰፈር ከሚባለው መንደር ልጅ ለማጨት የሚሄድ ሽማግሌ፣ ልብሱን ከማስተካከሉ በፊት አማርኛውን ማበላሸት አለበት። እንዲህ ሲባል ቀልድ የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ ቀልድ ግን አይደለም። አንደበቱ የተባረከ፣ ሲናገር ሰው አፉን ከፍቶ የሚሰማው ሰው እንኳ ያቺን ደፍ ሲረግጥ «ልጅ አለ? ልጅ ትሩ ነው? እኛ ልጅ ይፈልጋል» እያለ እንደ ትናንት መጤ ይንተባተባል፤ የልጅቷም ወገን እንዲሁ ተንተባትቦ ይመልስለታል። እንግዲህ እነዚህ በአማርኛ አፋቸውን የፈቱ፣ በአማርኛ ተጣልተው በአማርኛ የታረቁ ሰዎች ናቸው። በሌላ ቀን እንዲህ ቢናገሩ እናቶቻቸው በማማሰያ ይሏቸዋል። በዚያች ቀን ግን ነውረኛው አሳምሮ የተናገረው ነው።

ይህ ልማድ ከየት መጣ ቢሉ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች የሚያወሩት ነገር አለ፤ ነገሩም የሚጀምረው ሂርባይ ከምትባል፣ በሁለት ወገን ጭቅጭቅ መካከል ገብታ ጨጓራዋ ከተላጠ አክስት ነው ይባላል።

እንደሚነገረው፣ ባቡሩ ገና አዲስ ሆኖ ሰው ሁሉ ጭሱን ለማየት ከቤቱ በሚወጣበት ዘመን፣ ከሕንድ አገር ከች ከሚባለው ዳርቻ ሁለት ቤተሰብ መጥቶ ቡርቃ ዲማ ሰፈረ። ከች ግማሹ ባሕር ዳር፣ ግማሹ ጨዋማ በረሃ ነው ይላሉ። አንደኛው ቤተሰብ የመጣው ከባሕሩ ዳር፣ መርከብ ከሚጠርቡ ሰዎች ወገን ሲሆን፣ እዚህ የሚጠረብ መርከብ ስላጣ በርና መስኮት እያሠራ መሸጥ ጀመረ። ሁለተኛው ደግሞ ከበረሃው፣ ጨርቅ እየቋጠሩ በቀለም ከሚነክሩ ሰዎች ወገን ነበር። ሃይማኖታቸው አንድ፣ ቋንቋቸውም አንድ፣ ከችኛ። አንድ ነው የሚሉት ግን ቋንቋውን የማያውቁት የቡርቃ ዲማ ሰዎች ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ «ጠ» ወይም «ቀ» ስንል ድምፁ እንደ ተፈናጠረ ጠጠር ወደ ውጭ ይወረወራል። ከቾች ደግሞ አንዳንዷን «በ» እና አንዳንዷን «ደ» ወደ ውስጥ ነው የሚስቧት፤ ትኩስ ሾርባ እንደ ቸኮለበት ሰው ከከንፈር ላይ ተቀብለው ወደ ጉሮሮ ይልኳታል። ጎረቤታቸው ሽንኩርት ነጋዴዋ በለጥሻቸው ይህችን ድምፅ እይዛለሁ ብላ ስትታገል ትን ብሏት፣ ገበያተኛው ጀርባዋን እየመታ ውኃ አጠጣት ይባላል። ታዲያ የባሕር ዳሮቹ ያቺን «በ» ለአመል ያህል ቀስ አድርገው ይስቧታል፣ የበረሃዎቹ ግን እስከ ሆዳቸው ድረስ ያወርዷታል፤ የባሕር ዳሮቹ ደግሞ በየወደቡ የለቃቀሙትን የዐረብና የስዋሂሊ ቃል በየንግግራቸው ይሰኩበታል፣ የበረሃዎቹ አንዲት የውጭ ቃል ስታልፍ እንደ ሌባ ያዩአታል። ልዩነቱ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። በዚህ ሰው ይጣላል? ይጣላል እንጂ፣ ያውም እስከ አጥንቱ!

የባሕር ዳሩ ቤት እመቤት ኩርሱምባይ ባሏ የሞተባት፣ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ የምትሄድ ሴት ነበረች። ጄና የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። ሂርባይ የሟቹ እህት ስትሆን፣ የራሷ ልጅ ስላልነበራት ጄናን ያሳደገቻት እሷ ናት ማለት ይቻላል፤ ጄናም በቋንቋቸው የአባት እህት እንደምትጠራው «ፉይ» ነበር የምትላት። ግቢያቸውን ከሚለየው ግንብ ማዶ ደግሞ ነካሪው ጁማ፣ ሚስቱ ሱግራባይና ልጃቸው አላረኪያ ይኖሩ ነበር።

ሁለቱን ልጆች ያስተዋወቃቸው ግንቡ ነው ይላሉ። አላረኪያ የነከረውን ጨርቅ ግንቡ ላይ ሲያሰጣ ግማሹ ወደ እነ ጄና ግቢ ይንጠለጠልና ቀዩ ቀለም በታጠበ ልብስ ላይ ይንጠባጠባል። ጄና መጀመሪያ ለመጣላት ወጣች፣ በኋላ ለመጣላት ነው እያለች ወጣች፣ ከዚያ በኋላ ምክንያት መስጠቱንም ተወችው። እነሱ ሲያወሩ ማን «በ»ን እንደ ዋጠ፣ ማን እንደ ተፋት ልብ ያለ አልነበረም። አላረኪያም ለወላጆቹ «ጄናን አጩልኝ» አለ። እዚህ ላይ ነገሩ ቢያልቅ ምን ነበረበት!

ነገሩን አስቸኳይ ያደረገው የኩርሱምባይ ወንድም ነው። በከች ካለው ከማንድቪ ወደብ በመርከበኛ አፍ «እዚያ አገር ከወገናችን ሰው ካላጫት፣ ነፋሱ ወደዚህ ሲዞር ልጅቷን ላኪያት፤ የምድራት ሰው አለኝ» ብሎ መልእክት ሰደደ። ሰውየው ሚስቱ የሞተችበት፣ ከጄና የሚበልጡ ሴቶች ልጆች ያሉት ገመድ ነጋዴ ነበር። ጄና ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። «ፉይ፣ ባሕሩን አልፈራም። ገመድ ነጋዴውንም ባየው ምናልባት አልፈራው ይሆናል። ግን አንዴ ከተሻገርኩ አንቺንም እሱንም ዳግመኛ አላያችሁም» አለቻት። ሂርባይም ያን ዕለት፣ ይህች ልጅ የምትሄድ ከሆነ እኔን በሳጥን አድርጋችሁ ላኩኝ ብላ ማለች ይባላል።

የመጀመሪያው ሽምግልና እነ ኩርሱምባይ ቤት ሆነ። እነ ጁማ ጣፋጭ ይዘው፣ ሽቶ ተቀብተው መጡ። ሱግራባይ ገና ደፉን ተሻግራ በበረሃዋ ከችኛ ምርቃት ስትጀምር፣ ያቺን «በ» አገሯ እንዳስተማራት እስከ ሆዷ አወረደቻት።

ኩርሱምባይ «ምነው እህቴ፣ ዝንብ ገባብሽ?» አለች።

ሱግራባይ ምርቃቱን ግማሽ ላይ አቁማ፣ ጣፋጩን ከነሳህኑ አንስታ ወጣች። ሂርባይ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ መንገድ ድረስ ተከትላ ለመነቻት፣ አልሆነም። ተመልሳ የወንድሟን ሚስት ያዘቻት።

«አንቺ ሴት፣ ቃሉ ተዋጠ አልተዋጠ ምርቃት ነው! ምርቃት ሲዋጥ ሆድ ያሞቃል እንጂ ምን ይጎዳል?»

«እኔ ምን አልኩ? ለጤናዋ አስቤ ነው።»

ሁለተኛው ቀጠሮ እነ ጁማ ቤት ሆነ፤ ሂርባይ ይህን ለማስያዝ በግንቡ ላይ እየተንጠለጠለች ስታግባባ ስለ ሰነበተች ክንዷ ተልጦ ነበር ይላሉ። ኩርሱምባይም ክፉ እንዳትናገር ተመክራ፣ መልካም ለመናገር ብላ የጁማን ጨርቅ በእጇ ዳሰሰችና በመርከበኞች ቃል አሞገሰችው። ጁማ ፈገግ አለ።

«ይህችን ቃል ከየትኛው ወደብ ነው የገዛችኋት?»

«የእናንተን ከየትኛው ጉድጓድ ቆፍራችሁ እንደምታወጡት ስትነግረን እንነግርሃለን።»

«የእናንተ ከችኛ ጨው በዝቶበት ሟሙቷል!»

«የእናንተስ አሸዋው ጥርስ ይሰብራል!»

ሂርባይ መካከል ገብታ «ኧረ በአላህ፣ ስለ ልጆቹ እናውራ» ብትል፣ ሁለቱም ወገን ወደ እሷ ዞረ። እሷ ባሕር ዳር ተወልዳ፣ በረሃ ተድራ፣ ባሏ ሲሞት ወንድሟን ተከትላ የመጣች በመሆኗ ንግግሯ የሁለቱም ድብልቅ ነበር። «አንቺ ደግሞ ዝም በይ፤ አንዱን ቃል በመርከብ ጀምረሽ በግመል ትጨርሺዋለሽ» አለቻት ሱግራባይ፤ በዚህች አንዲት ነገር ላይ ብቻ ኩርሱምባይ ተስማምታ አብራት ሳቀች።

ከዚያ ሱግራባይ ሳቋን ገታ አድርጋ የልቧን ተናገረች። «እኔ የልጅ ልጆቼ እንደ መርከበኛ ሲያወሩ መስማት አልችልም። በዚህ አገር እንደ እናቴ የምንናገር የዚህ ቤት ሰዎች ብቻ ነን። እኛ ስንሞት ማን ሊናገረው ነው?» ኩርሱምባይም «የእኔንስ?» አለች። ቀጠሮውም በዚሁ ፈረሰ።

ሂርባይ ከዚያ ወጥታ ወደ በለጥሻቸው ሄደችና የሽንኩርት ጆንያዋ ላይ ዘፍ አለች።

«ገና ላልተወለደ ልጅ!» አለቻት በከችኛ፣ በለጥሻቸው አንድም ቃል እንደማይገባት ረስታ። «እናቱ ላልታጨች፣ አባቱ ላልተዳረ ልጅ ምላስ ነው የሚጣሉት! የሌለ ልጅ ምላስ!»

በለጥሻቸው ምንም ባይገባትም ነገሩ ገባት። «አይዞሽ እቴ፣ ሦስተኛው እኔ ቤት ይሁን። የማንም ቤት አይደለም፤ የሚያኮርፍ የሚያኮርፈው እኔን ነው» አለቻት በምልክትም በአማርኛም።

በሦስተኛው ቀጠሮ ቀን፣ ጄናን እስከ መርከቡ የሚያደርሳት ዘመድ ከባቡር ወርዶ ደርሶ ነበር፤ በማግስቱ ባቡር ይመለሳል። የልጅቷ ሳጥን በገመድ ታስሯል። እንግዲህ ወይ ዛሬ ነው ወይ አይሆንም። ሂርባይ ግን ያን ዕለት ጠዋት ሱቁን የሚጠብቅ ሰው ስለጠፋ ማጠፊያና መቆለፊያ ስትሸጥ ውላ፣ በላብ ተነክራ፣ ዘግይታ ደረሰች። ስትገባ ምን ትሰማለች? ኩርሱምባይ ትናገራለች፣ ሱግራባይ ታርማታለች፤ ሱግራባይ ትናገራለች፣ ኩርሱምባይ ዝንቡን ታስታውሳታለች፤ ጁማ መጫሚያውን እየፈለገ ነው፤ አላረኪያ እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል፤ ከመጋረጃው በስተኋላ ጄና አለች።

የሂርባይ ትዕግሥት እዚህ ላይ ተበጠሰ። በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች። በከችኛ ብትጮህ አንዱ ባሕር፣ አንዱ በረሃ ሊላት ነው። አፏ ላይ ደግሞ የቀረው ጠዋት ስትሸጥበት የዋለችው አማርኛ ነበር፤ እሱንም በጩኸት ለቀቀችው።

«ኖር! ይቀመጡ! ለእርስዎ ሲሆን ይቀመጡ!»

ግድግዳው ተንቀጠቀጠ ይባላል። ልብ በሉ፣ ሂርባይ የፈለገችው መሳደብ ነበር። ግን በአማርኛ ስድብ አታውቅም። እሷም ሆነች እነዚያ ሁሉ አማርኛን የተማሩት ከባንኮኒ ጀርባ ቆመው፣ ከደንበኛ ጋር ነው፤ ለደንበኛ ደግሞ የሚባለው ኖር፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ይምረጡ፣ ለእርስዎ ሲሆን ነው እንጂ ሌላ ምን አለ? ስለዚህ የቁጣዋን ያህል እየጮኸች፣ የምታውቀውን ትሕትና ሁሉ አወረደችባቸው።

ጁማ የብዙ ዘመን ነጋዴ ነውና ልማዱ ቀደመው። «እሺ፣ እግዜር ይስትልኝ» ብሎ ተቀመጠ። እሱ ሲቀመጥ ሚስቱ ተቀመጠች፤ ሚስቱ ስትቀመጥ ኩርሱምባይ ብቻዋን ቆማ መቅረት አልወደደችም።

ሂርባይ ትንፋሿን ሰብስባ ቀጠለች። «ልጅ አለ። በታም ትሩ ልጅ።»

ጁማ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ትሩ ነው?»

ኩርሱምባይ ይህን «ትሩ» ስትሰማ ልትስቅ ጥርሷን ገለጥ አደረገች ይባላል፤ ነገር ግን ስለ ልጇ መመስከር ነበረባትና «በታም፣ በታም ትሩ» ስትል ያቺ «ጠ» ከእሷም አፍ አልፈነዳ አለች። ባሕር ዳርም በረሃም «ጠ» ላይ እኩል ወደቁ። ሳቁ አፏ ውስጥ ቀረ።

«ይዩ» አለች ሂርባይ፣ ነገሩ ስለሄደላት ሞቅ ብሏት። «ይምረጡ። ካልወደዱት ይመልሱት።»

ከመጋረጃው በስተኋላ «ፉይ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። በለጥሻቸው ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ዝርግት አለች። «ኧረ ሴትዮ! ልጅ አይመለስም! መቆለፊያ መሰለሽ?»

ሂርባይ ደነገጠች። የምታውቀው ሽያጭ ሁሉ በ«ይመልሱት» የሚያልቅ ነበር። ወደ ጁማ ዞራ፣ ድምጿ ተቀይሮ፣ «ልጅ አይመለስም» አለች።

ጁማ ልጁን አየ፣ መጋረጃውን አየ። «እኛ አይመልስም» አለ።

በከችኛ ቢሆን ይህን ለማለት ረጅም ንግግር ያደርግ ነበር፤ ንግግሩም መካከል ላይ አንድ ቃል ተገኝቶበት ይፈርስ ነበር። በአማርኛ ግን ያለችው ይህችው ነበረች፣ ማንም የሚያርማት አልተገኘም።

ኩርሱምባይ ግን በቀላሉ የምትሸነፍ አልነበረችም። በለጥሻቸውን በክርኗ ነካ አድርጋ፣ ሱግራባይን በዓይኗ እያመለከተች፣ አፍንጫዋን በጣቷ ወደ ላይ ገፋ አደረገች። «ይሄ... እንዲህ የሆነ ሴት... አማርኛ ምንድር ነው?»

በለጥሻቸው የተጠየቀችው ገብቷታል። «እሱን ቃል ዛሬ አልሸጥም፤ ነገ ይምጡ» አለቻት።

ቃሉን ያጣችው ኩርሱምባይ በመጨረሻ የልቧን ለመናገር ሞከረች። ቃል በቃል፣ ወንዝ በድንጋይ ላይ እየረገጠ እንደሚሻገር ሰው፣ «ልጅ... ሲወልድ...» አለች። «ያ ትንሽ ልጅ... ምን ቋንቋ... ይናገራል?»

ያቺው ሁለተኛውን ቀጠሮ ያፈረሰችው ጥያቄ ናት። ሱግራባይ አንገቷን ደፋች። ሂርባይ ዓይኗን ጨፈነች፤ ይኸው ደግሞ ልንጀምር ነው ብላ ይሆናል። ጁማ የሚያውቀውን አማርኛ በሙሉ በውስጡ እንደ መደርደሪያ ፈተሸ። ከዚያ ደንበኛ ሁለት ዓይነት ጨርቅ ይዞ ሲያመነታ ሁልጊዜ የሚላትን አገኘ።

«ሁለቱም አለ» አለ። «ይምረጥ።»

ኩርሱምባይ ሱግራባይን አየቻት፣ ሱግራባይም አየቻት። መጀመሪያ የሳቀችው ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ ስምምነት የለም፤ የባሕር ዳሮቹ ዘሮች ሱግራባይ ናት ይላሉ፣ የበረሃዎቹ ኩርሱምባይ ናት ይላሉ። የታሰረው ሳጥን ግን በማግስቱ ባቡር ጣቢያ አልሄደም። አላረኪያ በወዲያ፣ ሂርባይ በወዲህ ሆነው በግንቡ ላይ አሻገሩት፤ ዘመድየውም ብቻውን ተመለሰ።

ታርቀው ቀሩ የሚል ሰው ካለ ሴቶቹን አያውቃቸውም። በሠርጉ ማግስት በግንቡ ላይ በከችኛ ሲተራረሙ የሰፈሩ ሰው ሰምቷል፤ እስኪያረጁም አልተዉም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ልጅ በሚታጭበት ቀን ከችኛ እንዳይነገር፣ የሚነገረውም ያችው የባንኮኒ አማርኛ እንድትሆን ሂርባይ ደነገገች፤ የሚቃወማትም አልነበረም፣ ማን ደፍሮ! ከኋላ ከሌላ ዳርቻ፣ ሌላ ዓይነት «በ» ይዘው የመጡ ከቾችም ሕጉን እንደ ሰፈሩ ሕግ ተቀበሉት።

የጄና ልጆች ከአንዷ አያታቸው ዘንድ «በ»ን እስከ ሆዳቸው ያወርዱ ነበር፣ ከሌላዋ ዘንድ ቀስ አድርገው ይስቧት ነበር፣ ከበለጥሻቸው ልጆች ጋር ሲጣሉ ደግሞ «ጠ»ን እንደ ጥይት ያፈነዷት ነበር ይባላል። ይምረጥ ተብሎ የለ? እነሱም ሁለቱን ያዙ፣ የእነሱ ልጆች አንዱን፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት አማርኛውን መረጡ። ዛሬ ከችኛውን የሚያውቁ በጣት የሚቆጠሩ አሮጊቶች ናቸው፤ ያቺን የምትዋጥ ድምፅ የሚሰማት ሰው ልጅ ሲያባብሉ ካገኛቸው ብቻ ነው። በሽምግልና ቀን ግን ያቺ ሰባራ አማርኛ ሳትጠገን ትቀርባለች፤ «እኛ አይመልስም» ያላለ ወገንም ልጅ አያገኝም።

በቅርቡ እንኳ ከላይ አገር ወንድይፍራው የሚባል፣ በሠርግ በልቅሶ ንግግሩ የታወቀ ሰው ለወንድሙ ልጅ ሽማግሌ ሆኖ ሄደ ይላሉ። ልማዱን ነግረውት ነበር፤ አላመነም። ገብቶ ምሳሌውን፣ ሙገሳውን፣ ቅኔውን ሲያወርድ የልጅቷ ወገን በትዕግሥት አዳመጠውና፣ ከመካከላቸው ታላቅየዋ ሴት «ወንድሜ፣ አማርኛህ እንደ አንተ ያምራል። ለዚህ ቤት ግን አይሆንም፤ ውጣና ሰብረኸው ና» አለችው። ወጣ። ምግቡ ቀዘቀዘ፣ ሰው ማዛጋት ጀመረ፣ እሱ አጥሩ ሥር እየተንጎራደደ ከራሱ ጋር ይጨቃጨቃል፤ የለመደው አፍ እንደ ግትር በቅሎ ወደ ቀናው መንገድ እየሳበው አልሰበር አለ። በመጨረሻ ላቡን ጠርጎ ደፉ ላይ ቆመ። ያዘጋጀው ሁሉ ጠፍቶት፣ ከውስጥ አንገቱን አስግጎ የሚጠብቀውን የወንድሙን ልጅ አይቶ፣ «ልጅ... ልጅ ይወዳል። እባክህ... ስጡ» አለ።

እልልታው ሲፈነዳ ሰውየው ገና ቀጣዩን ለመስበር እየታገለ ነበር ይባላል።